ጥቂት ማንኪያ አጥሚት

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ሆስፒታል በውስጥ ደዌ ክፍሉ ጥግ ያሉትን ስድስት አልጋዎች ለስትሮክ ሕሙማን እንዲለይ ሲወሰን፣ የማደራጀቱ ሥራ የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ለነበርኩት ለእኔ ተሰጠ። ለወራት ያደረግናቸው ስብሰባዎች ግን ከአልጋዎቹ ይልቅ ስለ ሲቲ ስካን ነበሩ። ምክንያት አልነበረውም አልልም፤ ስትሮኩ የደም ሥር በመዘጋቱ ይምጣ ወይም በመፍሰሱ ያለ ምስል ምርመራ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም፤ ሳይለዩ ደግሞ የረጋ ደም የሚያሟሟውን አልቴፕሌዝ መስጠት ሊገድል ይችላል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ሲሆን፣ ወደ እኛ ከሚመጡት አብዛኞቹ «ምች መትቶት ነው» ተብለው አንድ ሁለት ቀን በቤት ወይም በጠበል የቆዩ ነበሩ። ማሽኑ በነጋታው ቢተከል እንኳ፣ አስፕሪን ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን ከመወሰን አልፎ ለእነሱ የሚለውጠው ነገር ጥቂት ነበር።

ክፍሉ በተከፈተ በሁለተኛው ወር፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ገደማ የሆነ አንድ አባት ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አንደበታቸው ተይዞ ገቡ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን፣ ራስ ምታቱ ሲተዋቸው እሳቸውም ትተውት ነበር። ውኃ ሲቀምሱ ትን ስላላቸው፣ የሚቀምሱት ወደ ሳንባ እንዳይወርድ ተረኛው ሐኪም በአፍ ምንም እንዳይሰጣቸው በካርዳቸው ላይ አዘዘ፤ በአፍንጫ የሚገባው የምግብ ቱቦ ከመጋዘናችን ስላለቀ ደግሞ ከውጭ ፋርማሲ እንዲገዛ ለልጃቸው ወረቀት ተጻፈለት። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ልጁ ከተማውን ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ ትኩሳታቸው 39 ዲግሪ ደርሶ፣ ደረታቸው ውስጥ ውኃ የሚፈላ ይመስል ነበር። ሚስታቸውን «እማማ፣ የሚቀመስ ነገር ሰጥተዋቸዋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ምንም አልደበቁኝም። «አዎ ልጄ፤ ሁለት ቀን ሙሉ እህል በአፉ ሳይዞር ሰው ይድናል እንዴ? አጥሚቱን አቅጥኜ በማንኪያ ሰጠሁት፤ ዋጠልኝ» አሉ። ማንኪያው ታጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ራስጌው ላይ ተቀምጧል።

ተቆጣሁ። ሌሎች ሕሙማን እስኪሰሙ ድረስ «አይሰጥ ተብሎ ታዝዞ የለም ወይ?» አልኳቸው። ሴትዮዋ ዝም ብለው አልጋው ግርጌ ወደተሰቀለው ካርድ ሲያዩ እኔም ዞሬ አየሁ። ትእዛዙ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ያውም በሦስት ፊደል አሕጽሮት ነበር። ሐኪሙ ለነርሷ ጽፏል፤ ነርሷ ለቀጣይዋ ተረኛ አስረክባለች፤ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ያልተነገራቸው ማንኪያውን የያዙት ሰው ብቻ ነበሩ። እኚህ አባት በዘጠነኛው ቀን በሳንባ ምች ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሲቲ ስካን የሚደረገውን ስብሰባ ለሐኪሞቹ ትቼ፣ በእጃችን ባለው ነገር ምን ማድረግ እንደሚቻል ማንበብ ጀመርኩ። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ በ19 የስትሮክ ክፍሎች ተካሂዶ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ነርሶች ሦስት ነገሮችን ማለትም ትኩሳትን፣ የደም ስኳርንና የመዋጥ ችሎታን በሥርዓት ሲከታተሉ፣ ከሦስት ወር በኋላ የሞቱት ወይም የሰው ጥገኛ የሆኑት ሕሙማን ቁጥር መቀነሱን አሳይቷል። ከሦስቱ አንዱም ውድ ማሽን አይጠይቅም። እኛም ማንኛውም የስትሮክ ሕመምተኛ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ነቅቶ፣ በሻይ ማንኪያ ውኃ እየቀመሰ ሳል፣ የድምፅ መሻከርና የምራቅ መዝረክረክ መኖሩ ሳይታይ ምንም እንዳይቀምስ ወሰንን። ሳል አለመኖሩ ብቻውን ዋስትና ስላልሆነ (ድምፅ ሳያሰማ ወደ ሳንባ የሚወርድ አለ) የጠረጠርነውን እናቆያለን። ራስጌው ላይ በአማርኛ «በአፍ ምንም አይሰጥ» የሚል፣ ማንበብ ለማይችልም ማንኪያ ተሥሎ የተሰረዘበት ወረቀት ተለጠፈ፤ አንድ ቱቦም ምንጊዜም በክፍሉ መሳቢያ እንዲቀመጥ ተደረገ።

አስታማሚዎችን ቀርበን ማነጋገር ስንጀምር ያላየነው ሌላም ነገር ወጣ። በሽተኛውን ሲያነሡ የደከመውን እጅ ይዘው ይጎትቱ ስለነበር፣ በኋላ ፊዚዮቴራፒስታችን የሚታገለው የትከሻ ሕመም ከፊሉ እዚያው አልጋው ላይ የሚፈጠር ነበር። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥን፣ እጅን ሳይጎትቱ ከጀርባና ከወገብ ደግፎ ማንሣትን አስተማርናቸው፤ ከብዙ ተማሪ ነርሶች ቀድመው ያዙት። ይህን ያየ አንድ አስተዳዳሪ ማገገሚያውን ጠቅላላ ለቤተሰብ ብንተወው ደመወዝ ይቆጥባል ሲል ግን አልተስማማሁም። በሕንድ በ14 ሆስፒታሎች 1,250 ሕሙማንን ያካተተውና በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት የሞከረው፣ ቤተሰብን አሠልጥኖ ማገገሚያውን በቤት ማስቀጠል ነበር፤ ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ውጤት ግን አላስገኘም። አስታማሚ ጉዳት እንዳይደርስ መጠበቅ ይችላል፤ ፊዚዮቴራፒስቱን አይተካም።

የመዋጥ ሙከራው ዛሬም በሌሊት ተራ ይዘለላል፤ ሁለት ነርሶች ክፍሉን ሙሉ ይዘው ሲያድሩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የገባ ሕመምተኛ እስኪነጋ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ተረኛዋ ምንም ባትደርስበት እንኳ የተሰረዘውን ማንኪያ ቀድማ ትለጥፍና ለአስታማሚው በቃሏ ትነግረዋለች።