ሰማያዊው ለምን ታጥቦ ይሄድብኝ ነበር? ከሳያኖታይፕ ሙከራዬ

በዚህ ሳምንት ከጥልቅ ሰማያዊ እስከ ንጹሕ ነጭ ያሉትን ደረጃዎች ሁሉ የያዘ ሳያኖታይፕ (በብረት ጨውና በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ሰማያዊ የፎቶ ኅትመት) ለመጀመሪያ ጊዜ ስላተምሁ፣ በተመሳሳይ ሙከራ ላይ ላላችሁ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ያለፍሁበትን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

አጀማመሩ አያስቸግርም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1842 የደረሰበት ዘዴ በመሠረቱ አልተለወጠም፤ 25 ግራም ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬትና 10 ግራም ፖታሲየም ፌሪሲያናይድ እያንዳንዳቸው በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ለየብቻ ይሟሙና፣ በእኩል መጠን ተቀላቅለው በደብዛዛ ብርሃን ወረቀት ላይ ይቀባሉ። ወረቀቱ ጨለማ ውስጥ ከደረቀ በኋላ ኔጋቲቭ (ብርሃኑና ጥላው የተገለበጠ የምስል ፊልም) ተደርቦበት ፀሐይ ይመታዋል፣ ከዚያም በውሃ ይታጠባል።

እኔን ሁለት ወር ያሰረኝ ይህ እጥበት ነው። ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ባስገባሁት ቁጥር ሰማያዊው እንደ ጭስ እየተነሣ ትሪውን ይሞላዋል፤ የፊት ምስል ከሆነ ግንባሩና ጉንጩ ጨርሶ ይጠፋሉ። ብርሃን አንሶት ይሆናል ብዬ ከ8 ደቂቃ ወደ 20 ባሳድገው ጥላዎቹ ተደፈኑ እንጂ መልቀቁ አልቆመም፤ ኬሚካሉን እንደገና ብበጠብጥም ያው ሆነ። ነገሩ የተገለጠልኝ ከአንድ ብልቃጥ የቀዳሁትን ኬሚካል በሁለት ዓይነት ወረቀት ቀብቼ በአንድ መስታወት ሥር ጎን ለጎን ፀሐይ ያስመታሁ ዕለት ነው፤ ርካሹ ወረቀት ቀለሙን አጥብቆ ሲይዝ፣ ለረጅም ዘመን እንዲቆይ ተብሎ የተሠራው ውዱ ወረቀት ለቀቀው። በእንዲህ ያለው ወረቀት ውስጥ አሲድ እንዲከላከል ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርበታል፤ ይህም አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ የሳያኖታይፕ ቀለም የሆነው የፕሩሺያ ሰማያዊ ደግሞ በአልካሊ ይፈርሳል። አሁን ወረቀቱን ከመቀባቴ በፊት በሲትሪክ አሲድ ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ጥቃቅን አረፋ ከገጹ ላይ ሲነሣ ይታያል፣ እሱ ሲያበቃ አለቅልቄ አደርቀዋለሁ። በመጀመሪያው የማጠቢያ ውሃም ትንሽ ኮምጣጤ እጨምራለሁ።

ቀለሙ ወዲያው እንዲጠልቅ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ማፍሰሱን አልደግፍም፤ አየር ራሱ በአንድ ቀን ገደማ እዚያው ያደርሰዋል፣ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ፀሐይ የሚመታበትን ጊዜ በግምት መወሰንንም አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ክፍሎቹን ለተለያየ ጊዜ ፀሐይ የሚመታቸው ትንሽ የሙከራ ቁራጭ ሳያትሙ ሙሉ ወረቀት ማባከን ትክክል አይደለም፣ ምንም እንኳ ባለፈው ሳምንት ቸኩዬ እኔው ራሴ ብዘለውና ሦስት ወረቀት ቢበላሽብኝም።

አቀባቤ ግን ገና አልተስተካከለም። ብሩሹ በወረቀቱ ዳር ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይተውልኛል፤ በመስታወት ዘንግ የምትቀቡ ካላችሁ፣ ፈሳሹን ምን ያህል ጠብታ እንደምታደርጉት ብትነግሩኝ በሚቀጥለው ወረቀት ላይ እሞክረዋለሁ።