ዕጢውን የገደሉት ሳህኑ ላይ የቀሩት ነበሩ

ሜት ኤ ባልብ ሲ ከሚባል የአይጥ ዝርያ የተገኘ ሳርኮማ (የካንሰር ዓይነት) ነው። ሌላ ዝርያ በሆነው በሲ57 ብላክ 6 አይጥ ሆድ ውስጥ ሲገባ ጥቂት ቀን ይባዛና ይጠፋል፤ ኤች-2 የሚባለው የሕዋስ መለያ ምልክት በለጋሹ ዲ፣ በተቀባዩ ቢ ስለሆነ አካሉ ባዕድነቱን ይለያል። የፈለግኩት የሚገድለውን ሕዋስ ለይቼ ማውጣት ነበር።

መነሻው ቀላል ነው። ሕዋሳቱን ሁለቴ አጥቤ፣ የሞቱትን በሚያቀልመው ትራይፓን ብሉ ቆጥሬ፣ ለእያንዳንዱ አይጥ 3 ሚሊዮን በ0.2 ሚሊ ሊትር ሆዱ ውስጥ ወጋሁ። በ8ኛው ቀን፣ አይጡ ከሞተ በኋላ፣ ሆዱን በ5 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ መፍትሔ አጥቤ ቀዳሁ።

የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። መመሪያው «በፕላስቲክ ሳህን ላይ በ37 ዲግሪ ለ1 ሰዓት አቆይ፣ የሚንሳፈፉትን ውሰድ» ይላል። እንደተባለው አደረግኩ፤ 4 ሰዓት በሚፈጀው የክሮሚየም 51 ምርመራ (ዕጢው ራዲዮአክቲቭ ክሮሚየም ይጫንበታል፣ ሲሞት ያፈስሰዋል) ግን የወሰድኳቸው አልገደሉም። ገዳዮቹ ከሚንሳፈፉት መካከል ያሉት ቲ ሴሎች (ባዕድን የሚለዩ ነጭ የደም ሕዋሳት) ናቸው ብዬ ሳምንታት በነሱ ላይ አቃጠልኩ። የጣልኩትን ሳህን በማይክሮስኮፕ ሳይ ማክሮፋጆቹ (ባዕድን የሚውጡ ትልልቅ የመከላከያ ሕዋሳት) ጠፍጥፈው ተዘርግተው፣ ጠርዛቸው ተንጨባርሮ ተጣብቀው ነበር። መመሪያውን የጻፈው ሰው «ማክሮፋጅ ይጣበቃል» የሚል አንድ መስመር አለመጨመሩ እስካሁን ያናድደኛል። የራሴ ጥፋት ግን ይበልጣል፦ ሳህን ላይ ከማድረጌ በፊትና በኋላ ብቆጥር ኖሮ ጉድለቱ በመጀመሪያው ቀን ይታየኝ ነበር።

የተጣበቁትን አትፋቁ፤ መፋቅ ይቀዳድዳቸዋል። ሕዋስ ለማላቀቅ የሚሠራበት ኢንዛይም፣ ትሪፕሲንም፣ ማክሮፋጅን በወጉ አያላቅቅም፣ የላይኛውን ፕሮቲን ግን ይቆርጣል። ካልሲየምና ማግኒዥየም በሌለው መፍትሔ እጠቡ፣ ከዚያ 5 ሚሊ ሞላር ኢዲቲኤ ጨምራችሁ በረዶ ላይ 20 ደቂቃ አቆዩና በፒፔት ቀስ ብላችሁ አንሱ። ኢዲቲኤ ማክሮፋጁ የሚጨብጥበትን ካልሲየምና ማግኒዥየም ይይዝበታል። ለባክቴሪያ የሚሠራው ያልታከመ ሳህን ከሕዋስ ማሳደጊያው ይሻላል፤ አጥብቀው አይይዙትም።

ሁለተኛው ስሕተት ሰዓቱ ነው። 4 ሰዓት ለቲ ሴል የተቆረጠ ነው፤ ማክሮፋጅ ቀስ ብሎ ስለሚገድል እስከ 18 ሰዓት ስጡት። በዚያ ርዝመት ዕጢው ራሱ ክሮሚየም ያፈስሳል፤ ማክሮፋጅ የሌለባቸው የምርመራው ሳህን ጉድጓዶች ከጠቅላላው ክሮሚየም ከ30 በመቶ በላይ ካፈሰሱ ውጤቱን ጣሉት። ጎን ለጎን የሲ57 ብላክ 6 የራሱን ሊምፎማ፣ ኢኤል 4ን፣ ፈትኑ፤ እሱም ከሞተ የምታዩት ባዕድን ለይቶ መግደል አይደለም።

ይህ ማለት ቲ ሴል አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ታይመስ (ቲ ሴል የሚበስልበት አካል) የሌለው ኑድ አይጥ የባዕድ ንቅለ ተከላን አያስወግድም። ያዘዘውና የገደለው ሕዋስ ሊለያዩ ይችላሉ፣ ከቆዳ ሥር ያለ ዕጢም እንደ ሆድ ውስጡ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የተንሳፈፈውንም የተጣበቀውንም ለየብቻ በአንድ ቀን መርምሩ።