በዲማ የፋሲካ ቆጠራ

አባይን ተሻግረን ደጀን ላይ ከደብረ ማርቆሱ መንገድ ወደ ቀኝ ተገነጠልን፤ በቢቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስ ስንደርስ ሰሞነ ሕማማት ነበር። በዚህ ሳምንት እጅ መጨባበጥም መስቀል መሳለምም የለም፤ ቄስ ቢገጥማችሁ ራስ ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

የጎጃምን የአብነት ትምህርት ቤት ያየ ሰው ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማስሊያውን፣ ሳይማር ባይመለስ ደስ ይለኛል። በትውፊታችን ስሌቱ የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት የድሜጥሮስ ነው። ተማሪ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ በቃሉ ይወጣዋል፤ ለእኛ ወረቀት ይሻላል።

2018 ዓ.ም. ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረውን 5500 ዓመት ጨምሩ፣ 7518። በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። ከትርፉ 1 ሲቀነስ 12፣ ወንበር እሱ ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚስተው ይህችን አንድ ነው፤ ካልቀነሳት ፋሲካው ሚያዝያ 18 ይሆንበታል። ወንበሩን በ11 አባዙት፣ 132፤ የፀሐይ ዓመት የጨረቃን በ11 ቀን ያህል ስለሚበልጥ ነው። በ30 ሲገደፍ 12 ይቀራል፣ የጨረቃ ትርፍ የሆነው አበቅቴ። አበቅቴና መጥቅዕ (ጾመ ነነዌ የሚገኝበት ቁጥር) ተደምረው ምንጊዜም 30 ናቸውና መጥቅዑ 18። ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፤ ቢያንስ ኖሮ ወደ ጥቅምት ይሻገር ነበር። መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ 7፣ ድምሩ 25። እንግዲህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ። በ69ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 4፣ ትንሣኤ። ሰኞዋን ራሷን አንድ ብሎ የጀመረ ቅዳሜ ላይ ይወድቃል።

የስሌቱ መነሻ የአይሁድ ፋሲካ፣ የኒሳን 14 ጨረቃ ነው። በ325 እ.ኤ.አ. የኒቅያ ጉባኤ ክርስቲያኖች ሁሉ በአንድ እሑድ እንዲያከብሩ ወሰነ። ጨረቃ የሚጠብቅ የጸደይ በዓል ግን ሌላም አለ። የቡድሃ እምነት ተከታዮች በቫይሳካ ወር ሙሉ ጨረቃ ቬሳክን ያከብራሉ፤ በስሪ ላንካ ቡድሃ ሉምቢኒ የተወለደበት፣ ቦድ ጋያ ዛፍ ሥር የበቃበትና ኩሺናጋር ያረፈበት ባንድ ቀን ይታሰባል፣ በየደጁም የወረቀት ፋኖስ ይሰቀላል። ጃፓኖች ጨረቃውን ትተው ልደቱን ለብቻው መጋቢት 30 ቀን አጽንተውታል፤ በሕፃኑ ምስል ላይ ጣፋጭ ሻይ ያፈሳሉ።

ቅዳሜ ሹር ጠዋት ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ቄጠማ አደሉ። እርጥቡን ቄጠማ ሁለት ሦስቱን ገምደው ግንባር ላይ ያስሩታል፤ ላላ ካለ ሲደርቅ ይወልቃል። ማታ ሰማዩ ጨለማ ነበር፤ ጨረቃ የወጣችው ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ያውም ጎድላ። በስሌቱ መጋቢት 28 ልትሞላ ሲገባት በሰማይ የሞላችው መጋቢት 24 ነው። ስሌቱ የቆመበት የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደት በ300 ዓመት አንድ ቀን ያህል ስለሚንሸራተት ልዩነቱ እዚህ ደርሷል።

ሌሊት 9 ሰዓት አለፍ ሲል ቅዳሴው አልቆ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ተባለ። 55 ቀን የጾመ፣ ይልቁንም አክፍሎት (እስከ ትንሣኤ ያለ እህል ውሃ መጾም) የያዘ ሆድ ዶሮ ወጥ በአንዴ አይችልም፤ መጀመሪያ ተልባ ጠጡ።