ውሻ ባትሪ ሲውጥ
ዛሬ የጎረቤታችን ቡችላ ከሪሞት ውስጥ የወደቀች ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ውጦ፣ ለሃጩ እየተዝረከረከና አንገቱን ወደ ፊት እየዘረጋ በጣም ተጨነቀ። ጨው በውሃ በጥብጠን እናስመልሰው የሚል ሐሳብ ሲነሳ አጥብቄ ተቃወምኩ፤ ምክንያቱም ጉሮሮ ውስጥ የተቀረቀረ ባትሪ ከምራቅ ጋር ተገናኝቶ በሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ፍሰት የምግብ ቧንቧን በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፣ ማስመለስ ጉዳቱን ያባብሰዋል፣ ጨው ሲበዛም ለውሻ መርዝ ነው። ሳንዘገይ የባትሪውን ማሸጊያ ይዘን ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ ራጅ አንስታ፣ ቡችላውን አደንዝዛ፣ በረጅም መቆንጠጫ አወጣችለት፤ ተመስገን። ቁስሉ ቆይቶም ሊብስ ስለሚችል ለስላሳ ምግብ ብቻ እንዲሰጠውና ለክትትል እንዲመለስ አዝዛለች።