ዳው ጆንስ ጫንጮ ላከኝ

ዛሬ ወዴት እንደምሄድ የወሰነልኝ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ነው። የምሬን ነው! ጂኦሃሺንግ ይባላል፤ በ2008 ከአንድ የኢንተርኔት ካርቱን የተወለደ ጨዋታ። ቀኑንና የዳው ጆንስን (የአሜሪካ አክሲዮኖች ዋጋ መለኪያ ነው) መክፈቻ ቁጥር ቀላቅሎ አንድ የካርታ ነጥብ ይሰጥሃል፤ አንተ እዛ ትሄዳለህ። እኛ ጋ ሱሉልታም፣ ሆለታም፣ ፍቼም ሊሆን ይችላል። የሙገር ገደል ከደረሰህ እቤትህ ቁጭ ነው።

የኔው ከጫንጮ አለፍ ብሎ ግጦሽ መሬት ላይ ሆነ። ስልኬን ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል አንድ እረኛ ልጅ አላስቻለውም።

"ጋሼ፣ ኔትወርክ ከሆነ እዛ ጉብታው ላይ ነው ያለው።"

ነጥቡን አሳየሁት።

"እዚህ ምን አለ?"

"ምንም።"

ሳቁ! ከዛማ ከኔ ብሶ ስልኩን ተቀብሎኝ እየሮጠ ፈለገልኝ። ነጥቡ ላይ እበት ነበር፤ ያውም ትኩስ።