አራት ወንበር ማለት አራት ሰው ማለት አይደለም

ይህን አንድ ሰው ቀድሞ አፍ አውጥቶ ቢነግረኝ ኖሮ ከአማቴ ጋር ሁለት ወር ሙሉ ባልተኮራረፍን ነበር። አራት መቀመጫ ያላት ትንሽ አውሮፕላን አራት ሰው፣ ሻንጣና ሙሉ ነዳጅ አንድ ላይ አትችልም። ከሦስቱ አንዱን ትተዋላችሁ። እኔ ሦስቱንም ጫንኩ።

መጀመሪያ ቀላሉን ልጨርስ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ። የፓይለት ላይሰንሱን ያወጣሁት በ41 ዓመቴ ነው። ሕጉ ቢያንስ 40 ሰዓት በረራ ይላል፤ እኔ 71 ሰዓት ፈጀብኝ። ሐኪም አየኝ፣ የጽሑፍ ፈተና ተፈተንኩ፣ ከፈታኝ ጋር በረርኩ፣ አለቀ። አውሮፕላን አልገዛሁም፤ እናንተም አትግዙ። አንዲት የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሴስና 172 በሰዓት እከራያለሁ። ስትበላሽ የራስ ምታቱ የባለቤቷ ነው። ሰው ሁሉ የሚያስፈራራችሁ በዋሽንግተን ዙሪያ ባለው ጥብቅ ሰማይ ነው። እውነት ነው፣ በ30 ኖቲካል ማይል (56 ኪሎ ሜትር ገደማ) ክልል ውስጥ ያለ በረራ ፕላንና በራዳር ላይ ማንነትን ያለሚያሳይ ኮድ ዝንብ አይንቀሳቀስም። ግን በኢንተርኔት የሚወሰድ አጭር ኮርስ አለ፤ ከዚያ ፕላን ማስያዝና በሬዲዮ ኮድ መቀበል ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ከሠራችሁት በኋላ ቀበቶ እንደ ማሰር ይሆናል።

ጉዟችን ወደ ኪል ዴቪል ሂልስ ነበር፣ ሰሜን ካሮላይና ባሕር ዳርቻ። በመኪና መንገዱ ቀንቶት አምስት ሰዓት ነው፤ በበጋ ቅዳሜ ደግሞ አይቀናም። በእኔዋ ሴስና ከሁለት ሰዓት ያነሰ። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፣ የራይት ወንድማማቾችን ቦታ ማየት ፈልጓል። አማቴ ከአዲስ አበባ ለበጋው መጥተው ነበር። ባለቤቴ «እማዬንም እንውሰዳት» አለች። ወንበር አለ፤ ምን ብዬ እምቢ ልበል?

እዚህ ጋ ነው ሚዛኑ የሚመጣው። ስማር የሠራናቸው ሂሳቦች ላይ ተሳፋሪ ሁሉ 170 ፓውንድ ነበር፣ 77 ኪሎ መሆኑ ነው። እውነተኛ ቤተሰብ እንደዚያ አይደለም። ታዲያ አማትን «ስንት ኪሎ ነዎት?» ብሎ የሚጠይቅ የየት አገር ልጅ ነው? ባለቤቴን ላኳት። ተመልሳ «75 ነኝ ትላለች» አለችኝ። «ትላለች» የምትለዋን ቃል ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ለዚህ ጽሑፍ 75 ብለን እንያዘው።

አሁን ሂሳቡን ተመልከቱት፣ የሁሉ ነገር ቁልፍ እሱ ነው። አውሮፕላኗ ከነጭነቷ 1,043 ኪሎ ድረስ ተፈቅዶላታል። ባዶዋን 658 ትመዝናለች። የቀረው 385 ኪሎ ነው፤ ሰው፣ ሻንጣና ነዳጅ የሚካፈሉት ይህንን ነው። ሙሉ ነዳጅ ሲባል ልንጠቀምበት የምንችለው 40 ጋሎን ነው፤ ክብደቱ 109 ኪሎ። ለሰው 276 ቀረ። እኔ 84፣ ባለቤቴ 66፣ ልጄ 52፣ አማቴ 75። ድምር 277። አንድ የጥርስ ብሩሽ ሳይጫን አልፈናል።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት 28 ጋሎን ብቻ ይዤ ተነሳሁ። ለመንገዱ 16 ያህል ይበቃል፣ የተረፈው መጠባበቂያ ነው። ሻንጣውን በእጅ ሚዛን ለካሁት፣ ጀበናው ከነሲኒው ገብቶ 25 ኪሎ። ሁሉም ልክ። በራሴ እንዴት እንደኮራሁ! አማቴ የቼዛፒክን ባሕረ ሰላጤ ስናቋርጥ «ይሄ ሁሉ ውሃ!» እያሉ ፎቶ ያነሳሉ፣ ልጄ ከጎኔ ካርታ ይይዛል። ቅዳሜዋ እንከን የላትም ነበር።

ያረፍንበት ቦታ ፈርስት ፍላይት ይባላል፣ ከራይት ወንድማማቾች መታሰቢያ ሥር ያለ 3,000 ጫማ ራንዌይ ነው። ነዳጅ የለም፣ ቢሮ የለም፣ አውሮፕላን ከ24 ሰዓት በላይ ማቆም አይቻልም። ልጄ በድንጋይ ምልክት የተደረገውን ርቀት በእግሩ ለካው። ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው በረራ 12 ሴኮንድ ቆየ፣ 37 ሜትር ገደማ ሄደ። ከዚያ አንድ ነገር አንብቦ እየሳቀ መጣ። የዚያ አውሮፕላን ክብደት ያለ ፓይለቱ 274 ኪሎ ነው። እኛ ቤተሰቡ ብቻ 277። ሁላችንም ሳቅን። የሳቁበት ነገር እንዲህ በማግስቱ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።

እሁድ። ከ24ቱ ሰዓት በፊት ለመውጣት ቸኩለናል። አማቴና ባለቤቴ ጠዋት ከመንገድ ዳር ሻጭ ሁለት ሀባብና አንድ ከረጢት ለውዝ ገዝተዋል። ሀባቡ እያንዳንዱ ዘጠኝ ኪሎ ይሆናል። እኔ ከኋላ ሲጫን አይቻለሁ፤ ምንም አልተናገርኩም። በአእምሮዬ የቅዳሜው ሂሳብ አለ፣ እሱ ደግሞ ልክ ነበር። ሚዛኑ ሻንጣው ሥር ተቀብሮ ነበር፣ ለማውጣት ሰነፍኩ።

ነዳጅ ለመቅዳት አጠገቡ ወዳለ ሌላ ኤርፖርት በረርን። እስከዚያ ክብደታችን ደህና ነበር፣ ታንኩ ተጋምሷልና። እዚያ እንደቆምን ነዳጅ የሚቀዳው ልጅ እየሮጠ መጣ። «ምን ላድርግልህ?» አለኝ። እኔ ስልኬ ላይ የአየር ሁኔታ እያየሁ ነበር፣ በምዕራብ በኩል ደመና መቆለል ጀምሯል። «ሙላው» አልኩት።

በዚህች አንዲት ቃል እስካሁን እናደዳለሁ። «17 ጋሎን» ነበር ማለት የነበረብኝ። 71 ሰዓት ስማር ብቻዬን ወይ ከአስተማሪ ጋር ስለምበር ሁልጊዜ «ሙላው» ነበር የምለው፤ አፌ ለምዶታል። ቡና ጠጥቼ፣ ሽንት ቤት ደርሼ፣ ከፍዬ ስመለስ ሁለቱም ታንክ እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው።

ክንፉ ሥር ቆሜ ደመርኩት። ሰው 277፣ ሻንጣ 25፣ ሀባብና ለውዝ 22፣ ነዳጅ 109። 433 ኪሎ። የተፈቀደው 385። በ48 ኪሎ አልፈናል፣ ልጄን ሊያክል ምንም አልቀረው። ነዳጁ ልክ ቢሆን እንኳ በሀባቡ ብቻ 15 ኪሎ እናልፍ ነበር።

ቢሮ ገብቼ ጥቂት ነዳጅ ሊቀንሱልኝ ይችሉ እንደሆን ጠየቅኩ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «የወጣ ነዳጅ መልሰን አንወስድም፣ መያዣም የለንም» አለኝ። ሌላ መላ ይኖር እንደሆን ስጠይቀው «ቀለል ብለህ ሂድ» አለኝ። ስድቡ ይሁን ምክሩ እስካሁን አልገባኝም።

መላው ግን ፊቴ ነበር። ሀባቡን መተው። ሻንጣውን በፖስታ መላክ። ባለቤቴና አማቴ መኪና ተከራይተው እንዲመለሱ ማድረግ። ወይ ብቻዬን ተነስቼ ሁለት ሰዓት ያህል እየዞርኩ ነዳጁን ማቃጠል። እያንዳንዱን አሰብኩት፣ እያንዳንዱን ለአማቴ ማስረዳት አፈርኩ። «ክብደት በዝቷል» ማለት እኮ «እርስዎ ከብደዋል» ማለት ነው የሚመስለው። ደመናው እየቀረበ ነው፣ ሰኞ ሥራ አለ። ለራሴ «ለ48 ኪሎ!» አልኩ። እንዲህ ነው ሰው የሚሞተው፤ በይሉኝታ።

ሙቀቱ 34 ዲግሪ ነበር። ባሕር ጠለል ላይ በዚያ ሙቀት አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ አውሮፕላኗ 700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ያህል ነው የምትሠራው። አዲስ አበባ ላይ የሚበሩ ፓይለቶች ይህን ሲያነቡ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ፤ የእነሱ ራንዌይ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ግን እነሱ ሀባብ ጭነው በ160 ፈረስ ጉልበት አይነሱም።

ሌላም አለ። ነፋሱን ያየሁት ስናርፍ ነው። አንድ ሰዓት ቆይተናል፣ ደመናው ነፋሱን አዙሮታል። የነፋስ ማመልከቻው ጨርቅ ከኋላዬ ወደ ፊቴ ተዘርግቶ እያየሁት አላየሁትም። ሙቀት ብቻውን አይገድልም፣ ክብደት ብቻውን አይገድልም፣ መንደርደሪያውን የሚያረዝም ትንሽ የኋላ ነፋስም እንደዚያው። ሦስቱ ተጠራቅመው ነው የሚመጡት።

ጋዙን ሰጠኋት። ተንደረደረች። እየተንደረደረች ቀረች። ጠዋት ላይ ከምትነሳበት ምልክት አለፍን፣ አሁንም ጎማዋ መሬት ላይ ነው። መሪውን ስስበው አፍንጫዋ ተነሳ፣ ትንሽ ከፍ አለችና የማስጠንቀቂያ ጥሩምባዋ ያቃስት ጀመር። ያ ድምፅ ክንፉ ሊከዳችሁ ነው ማለት ነው። አፍንጫዋን መልሼ ዝቅ አደረግኩ። ዛፎቹ እየመጡ አፍንጫን ዝቅ ማድረግ ከባድ ነገር ነው፣ እጅ እምቢ ይላል። ዛፎቹን ያለፍናቸው ቅጠላቸውን እየቆጠርን ነው። ከኋላ የአማቴ ድምፅ፦ «ቅዱስ ገብርኤል፣ ቅዱስ ገብርኤል፣ ቅዱስ ገብርኤል»። ባለቤቴ ዝም። የእሷ ዝምታ ከጥሩምባው ይብስ ነበር።

ቀሪው መዘዙ ነው። ቀስ ብለን ወጣን፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ስንገባ ደመናው መንገዱን ዘጋው፣ መብረቁ ይታያል። አንዲት ትንሽ ኤርፖርት አረፍኩ። እሁድ ማታ ማንም የለም። በሩ በቁጥር ይከፈታል፤ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የኤርፖርቱ የሬዲዮ ሞገድ ነው፣ ይህንን ያዙት፣ አንድ ቀን ይጠቅማችኋል። ለእንግዳ በነፃ የሚሰጥ አሮጌ የፖሊስ መኪና ቆሞ ነበር፣ ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ። በእሱ ሄደን ሃምበርገር ገዛን። አማቴ ሳሎኑ ውስጥ ነጠላቸውን ተከናንበው ወንበር ላይ አደሩ። ሀባቡን እዚያው ፍሪጅ አጠገብ ትተነው ሄድን፣ «ብሉት» የሚል ወረቀት ለጥፈንበት። ጠዋት ከ48ቱ ኪሎ ሀባቡ ቀንሶ፣ ነዳጁም ተቃጥሎ፣ አውሮፕላኗ እንደ ወፍ ተነሳች።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ሕግ አወጣሁ፣ ከመንግሥቱ ጋር ባይስማማም። ሕጉ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተነሳህና ካረፍክ ቤተሰብ ጭነህ መብረር ትችላለህ ይላል። እኔ 30 ቀን ካለፈኝ መጀመሪያ ብቻዬን እወጣለሁ። ሕጉ በቀን የግማሽ ሰዓት መጠባበቂያ ነዳጅ ይበቃል ይላል፤ እኔ ከአንድ ሰዓት በታች አልነሳም። የድሮ ፓይለቶች ደግሞ «ነዳጅ የሚበዛው አውሮፕላኑ በእሳት ሲቃጠልብህ ብቻ ነው» ይሏችኋል። ለብቻው ለሚበር ሰው እሺ፤ አማቱን ለጫነ ሰው ግን ውሸት ነው። ነዳጅ በቁጥር እዘዙ፣ ሲቀዳ አጠገቡ ቁሙ፣ ቡናው ይቆይ። እሁድን ደግሞ እንደ አዲስ ጉዞ መዝኑት፣ ሰው ባሕር ዳርቻ ሄዶ ባዶ እጁን አይመለስም። ሰኞን ደግሞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቁ፣ ባትፈልጉትም።

አማቴ በዚህ ዓመትም መጥተዋል። ባለፈው ቅዳሜ ኒው ጀርሲ ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ኬፕ ሜይ ልንሄድ ስንል ሚዛኑን መሬት ላይ አስቀምጬ ዞር አልኩ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ወጡበት፣ ልጄን ጠርተው ብቻውን እንዲያነብ አደረጉት። ልጄ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ አጥፎ ሰጠኝ። ስከፍተው 81 ይላል። ከታች በእርሳቸው እጅ ጽሑፍ፦ «ከነቀሚሱ ነው»።