ሰባ ሰባት ካርታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ወደ ቤትህ ተመለስና እግዚአብሔር ያደረገልህን ተናገር የተባለውን ሰው ሳስብ ግን ዝምታዬ ያሳፍረኛል።

ታናሽ ወንድሜ በመተማ አድርጎ ሱዳን፣ ከሱዳን ደግሞ ሊቢያ ገባ። ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ከበኒ ወሊድ ነው፤ ደላሎቹ ገንዘብ እንድንልክ እያስጮኹት። ላክን። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጠፋ። እኔ ያለሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ በአረጋውያን መጦሪያ የማታ ተረኛ ነኝ። ጾምኩ፣ ተሳልኩ፣ እናቴም ደሴ ላይ ጉልበቷ እስኪላጥ ሰገደች። እግዚአብሔር ዝም አለ። ንጉሥ ሳኦልም ዝም ቢባል ነው ወደ ዓይንዶሯ መናፍስት ጠሪ ሴት የሄደው። እኔ ዓይንዶር ድረስ መድከም አላስፈለገኝም፤ የሥራ ባልደረባዬ በሻይ ሰዓት ከቦርሳዋ አወጣችልኝ።

ታሮት ይባላል፤ ሰባ ስምንት ሥዕል ያለበት ካርታ ነው። “ራስን ማዳመጫ እንጂ ጥንቆላ አይደለም” አለችኝ። ክፋት አልነበራትም። በየጠዋቱ አንዲት ካርታ በማውጣት ጀመርኩ። ከዚያ አሥር ካርታ በመስቀል ቅርጽ መደርደር መጣ፤ ከዚያ የድሮ የሰሜን አውሮፓ ፊደል የተቀረጸባቸው ሃያ አራት የሩን ድንጋዮች ከአንድ ባዶ ድንጋይ ጋር በከረጢት ገዛሁ፤ በመጨረሻም ጣፋጭ ቃል ብቻ የተጻፈባቸው የኦራክል ካርታዎች። እናቴ ብታይ ኖሮ በሁለት ቃል ትጨርሰው ነበር፤ ጠጠር መጣል። ካርታውን የምዘረጋው የእመቤታችን ሥዕል ባለበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከጊዜ በኋላ ከመዘርጋቴ በፊት የሥዕሉን መጋረጃ መጣል ጀመርኩ። ለምን እንደምጥለው ለራሴም አልነገርኩም።

ያቺ ሌሊት የየካቲት ሌሊት ነበረች፤ በረዶ ይጥላል። ከሥራ የገባሁት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ልጄን የምትጠብቅልኝ እትዬ (የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ናት፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ) ልጅቷ ተኝታለች ብላኝ ወረደች። ልጄ ግን አልተኛችም። ሰባት ዓመቷ ነው። ካርታዎቹን ምንጣፉ ላይ እንደ እኔ በመስቀል ደርድራ፣ አንዱን ወደ ዓይኔ አስጠግታ “እማዬ፣ አጎቴ ይሄ ነው?” አለችኝ።

ጥቁር ጥሩር የለበሰ አፅም በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ “ሞት” ተብሎ ተጽፏል። ልጄ ማንበብ ትችላለች።

አስተኛኋትና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ማቆም አልቻልኩም። በወዝኩና አወጣሁ፤ ዘጠኝ ሰይፍ። አንዲት ሴት በሌሊት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በእጆቿ ሸፍናለች፤ ከኋላዋ በጨለማው ላይ ዘጠኝ ሰይፍ ተጋድሟል፤ ብርድ ልብሷ ጽጌረዳና የኮከብ ምልክት አለበት። እንደገና በወዝኩ። ዘጠኝ ሰይፍ። በሦስተኛውም እርሷው መጣች። በደንብ አልበወዝኩ ይሆናል፤ እጄ ካርታ ለመያዝ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። በዚያች ሰዓት ግን የማየው ራሴን ነበር። ጉሮሮዬ ተዘጋ። አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ፤ “ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች” ላይ ስደርስ ምላሴ አልታዘዝ አለ። ፈቃዱን አልፈልግማ! እንዲነግረኝ ብቻ ነበር የምፈልገው። ያን ጊዜ ጮህኩ፤ “ገድለኸው ከሆነ ንገረኝ! አንተ ዝም ስትል እኮ ነው ወረቀት የለመንኩት!” አልኩት። አላሳምረውም፤ ያልኩት ይህንኑ ነው።

እትዬ ጩኸቱን ሰምታ ወጣች። ነጠላዋን ካፖርቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዳዊቷን በብብቷ ይዛ። ምንጣፉን አየች። “የግብፅ ጥንታዊ ጥበብ ነው ይላሉ” አልኳት፣ እንደ ሌባ። (ኋላ ሳጣራ በ15ኛው መቶ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ መጫወቻ ነበር፤ የግብፁ ወሬ እ.ኤ.አ. በ1781 ፓሪስ ላይ ታትሞ ነው የተዛመተው። የእኔዎቹን ሥዕሎች ደግሞ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የምትባል ሠዓሊ ናት የሳለቻቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ ታተሙ። ያምራሉ፤ አልክድም።) እትዬ አልተቆጣችም። የሥዕሉን መጋረጃ ገለጠች፣ ሻይ አፈላች፣ መዝሙር 90ን ከፈተች። “በልዑል መጠጊያ የሚኖር...” ከሌሊት ግርማ የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፄ ተመለሰልኝና አለቀስኩ። እስኪነጋ አልተለየችኝም።

ጠዋት ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። አቃጥይው አሉኝ፤ የጭስ ደወል ባለበት አፓርታማ ይህ እንደማይሆን ሳስረዳቸው ሳቁ። በኩሽና መቀስ እየቆረጥኩ በእያንዳንዱ ላይ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ አልኩ። ሰባ ሰባት። አንዱ የለም። ሶፋውን ገለበጥን፣ ምንጣፉን አነሣን፤ የተገኘው ከልጄ ትራስ ሥር ነው። “ፀሐይ” የሚባለው ነበር፤ የሱፍ አበባ ባለበት ግንብ አጠገብ ሕፃን በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ልጄ እያለቀሰች “ፈረሱ ምን አጠፋ?” አለችኝ። መልስ አጣሁ። እትዬ ግን “ፈረሱማ ምንም አላጠፋም፤ ነጭ ፈረስ ቅዱስ ጊዮርጊስም አለው” ብላ ከዳዊቷ ውስጥ ትንሿን ሥዕል አውጥታ ሰጠቻት። እስከ ዛሬ ትራሷ ሥር አለች።

ስድስት ወር ምንም ሳንሰማ አለፈ።

በፍልሰታ፣ ከቅዳሴ ወጥቼ መኪና ውስጥ ጫማዬን ሳስር ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። “እህቴ” አለኝ። ከትሪፖሊ ነበር። እልል ማለት አቃተኝ፤ መሪውን ጨብጬ ብቻ “አቤት፣ አቤት” አልኩ። ድምፁ ሻክሯል። ስለ ገንዘብ አልጠየቀኝም፣ ስለ እናታችንም ገና አልጠየቀኝም።

“ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?” አለኝ።

“ነሐሴ 9” አልኩት።